ዶክተር መላኩ በያን፤ ወደ ሕዝብ የተላኩት መልእክተኛ

ካርባ ምንጭ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ሻሸመኔን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ጃማይካ ሰፈር የሚባለውን መንደር ከመንገዱ ዳር ያገኛል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀባውን አጥርና በር፣ ጠጕራቸውን አስረዝመው የጐነጐኑትንም ሰዎች ባውቶቡሱ መስኮት አሻግሮ ያያል። ካየም በኋላ አንዱ ይቀልዳል፣ ሌላው ይገረማል፣ የቀረው ደግሞ እንቅልፉን ይቀጥላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በተማሪነቱ ዘመን በዚያ መንደር አጠገብ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቈጥሮ አይዘልቀውም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ውቅያኖስ ተሻግረው እዚህ ለመስፈር የበቁት በማን ጥሪና በምን ምክንያት ነው ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ለጥያቄው መልስ አለው። ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ በውጭ አገር የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ስላደረጉላት ርዳታ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አማካይነት 5 ጋሻ መሬት በዚያ ስፍራ ሰጥተዋል። ይህን ማኅበር በኒው ዮርክ ከተማ ያቋቋሙት አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ፤ ስማቸውም ዶክተር መላኩ በያን ይባላል። የኚህ ሰው የሕይወት ታሪክ በትምህርት ገበታ ላይ ላሉትና ገና የመንግሥት ሥራ ለያዙት ወጣቶች ይበልጡን ይጠቅማል ብለን ስላመንን እነሆ ባጭሩ እናቀርባለን።

በዛሬው የዲፕሎማሲ ትምህርት አንድ መንግሥት በአምባሳደሮቹ አማካይነት ከሌላው መንግሥት ጋር ከሚያደርገው ንግግር ሌላ፣ ከዚያ አገር ሕዝብ ጋር በቀጥታ የሚያደርገው ግንኙነት የሕዝብ ዲፕሎማሲ ይባላል። መሣሪያዎቹም ጋዜጣ፣ ራዲዮ፣ የትምህርት ዕድል፣ የኪነ ጥበብ ጉዞ፣ የማኅበራት ወዳጅነትና እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው። ቃሉ አሁን በያዘው ትርጕም የተለመደው ኤድመንድ ጉሊየን የሚባሉ አሜሪካዊ ዲፕሎማትና የፍሌቸር ትምህርት ቤት ኃላፊ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ከተጠቀሙበት ወዲህ ነው። ዶክተር መላኩ ግን ሥራውን ስም ሳይወጣለት፣ ከዚያ 30 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ሠርተውታል።

ከሐረር እስከ ኦሃዮ

መላኩ በያን በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ጊዜው የዐድዋ ድል በተገኘ በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ገና በሕፃንነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው በራስ መኰንን ግቢ አደጉ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ማስተማር በጀመሩ ጊዜም መላኩ ከተመረጡት አንዱ ሆኑ። በ1913 ዓ.ም. በመጀመሪያ ወደ ህንድ አገር ተላኩ፤ በሚከተለውም ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ገብተው የሚማሩት ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ።

መላኩ በኦሃዮ ግዛት በኒው ኮንኮርድ ከተማ ወደሚገኘው ማስኪንገም ኮሌጅ ገብተው በ1920 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ቀጥሎም ሕክምና ለመማር በዋሽንግተን ከተማ ወዳለው ሐዋርድ ዩኒቨርስቲ ገቡ። የኋላ ሥራቸው ሁሉ መሠረቱ ይህ ምርጫ ነው ማለት ይቻላል።

ሐዋርድ ዩኒቨርስቲ በአሜሪካ ባርነት ከተሻረ በኋላ በ1859 ዓ.ም. የተመሠረተና አያሌ ጥቁር ሐኪሞች፣ ጠበቆችና መምህራን የወጡበት ቤት ነው። መላኩ በተማሩበት ዘመን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በብዙ የአገሩ ክፍሎች ከነጭ ጋር ባንድ ትምህርት ቤት መማር፣ ባንድ ሆቴል ማደር፣ ባንድ የባቡር ክፍል መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር። ከቤተ መንግሥት የመጣ አንድ ኢትዮጵያዊ እንግድነቱን መከታ አድርጎ ከዚህ ውርደት ለመሸሽ መሞከር ይችል ይሆናል። መላኩ ግን ይህን አላደረጉም፤ በጥቁሮቹ መካከል ተቀምጠው የሚደርስባቸውን ሁሉ በቅርብ እያዩ ተማሩ።

በዚሁ ጊዜ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ጋር የነበራቸውን መጫጨት አፍርሰው ዶርቲ ሐድሊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ ታላቅ ሰው ስለ ነበሩ፣ ለአንድ ወጣት ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም፣ እኛንም ይንቁናል የሚል ወሬ ይነገር ነበርና፣ ጋብቻው ሳይታሰብ ለዚህ ወሬ መልስ ሆነ። ብዙ ንግግር ሊያስተባብለው ያልቻለውን አንድ ሠርግ አስተባበለው።

በ1926 ዓ.ም. መላኩ ዊልያም ሊዮ ሐንስቤሪ ከሚባሉት የሐዋርድ የታሪክ መምህርና ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ሁኔታ የሚመረምርና የሚያስረዳ አንድ የጥናት ጉባኤ አቋቋሙ። ጦርነቱ ገና አልተጀመረም፤ ኢጣልያ ግን ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች አገር ናት፣ ባርነት አለባት፣ ስለዚህ ሞግዚት ያስፈልጋታል እያለች በየጋዜጣው ማስነገር ጀምራለች። ላሜሪካ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ የሚደርሰው ወሬ በአብዛኛው በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መሆኑን መላኩ ተገንዝበው ነበር። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ኢትዮጵያን ለማገልገል በተነሣ ጊዜም ካገናኙት ሰዎች አንዱ መላኩ ነበሩ። ሮቢንሰን በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ሠርቷል።

ከኦጋዴን ጦር ሜዳ ወደ ስደት

በ1927 ዓ.ም. መላኩ የሕክምና ዶክተርነታቸውን ማዕርግ ተቀብለው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር ወዳገራቸው ተመለሱ። ለሰላማዊ ሥራ ግን ጊዜ አልተገኘም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ዶክተር መላኩም በኦጋዴን ጦር ግንባር ከቀይ መስቀል ጋር ሆነው ቍስለኞችን አከሙ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ካገር በወጡ ጊዜ በሐኪምነትና በእንግሊዝኛ አስተርጓሚነት አብረዋቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

እዚህ ላይ የመንግሥታቱን ዲፕሎማሲ ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ሃምሳ ያህል መንግሥታት ኢጣልያ ጥፋተኛ መሆኗን አምነው የንግድ ማዕቀብ ጥለውባት ነበር። ነገር ግን ለጦር መኪናና ለአውሮፕላን ዋና አስፈላጊ የሆነው ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው የዓለምን ፍርድ ጠየቁ፤ ንግግራቸው ተደነቀ፤ ጥቂት ቀናት ቈይቶ ግን ማዕቀቡ ተነሣ። በሕግ አኳያ የኢትዮጵያን እውነት የካደ አልነበረም፤ ዳሩ ግን እውነቷን አምኖ ለመርዳት የተዘጋጀ ኃይለኛ መንግሥት ጠፋ።

በመንግሥታቱ በር ላይ ተስፋ ሲመነምን ወደ ሕዝብ መሄድ ግድ ሆነ። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዶክተር መላኩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ።

በሐርለም

ሐርለም በኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት የሚኖሩበት ሰፈር ነው። በዚያ የኢትዮጵያ ስም አዲስ አልነበረም። በ1808 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተው ታላቁ ቤተ ክርስቲያናቸው የሐበሻ ስም የያዘ ነው። በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች መዘርጋት የተነገረውን ቃል በባርነት ዘመን አያቶቻቸው በቃላቸው ያወርሷቸው ነበር፤ የዐድዋንም ድል የራሳቸው ድል አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ጦርነቱ እንደ ተጀመረ አያሌ ወጣቶች ለዘመቻ ስማቸውን አስመዘገቡ፤ ነገር ግን የአሜሪካ ሕግ አንድ ዜጋ ለባዕድ መንግሥት ጦር እንዲቀጠር ስለማይፈቅድ ሊመጡ አልቻሉም።

እንግዲህ ፍቅሩ ነበረ፤ የጎደለው ፍቅሩን ወደ ሥራ የሚያውል መንገድ ነው። በኢትዮጵያ ስም ገንዘብ የሚሰበስቡ ልዩ ልዩ ማኅበሮች እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ ነበር፤ ከመካከላቸውም የሰበሰቡት ገንዘብ ወዴት እንደ ደረሰ የማይታወቅ ነበሩ። እንዲህ ያለው ነገር ለጋሱን ሰው ሁለተኛ እንዳይሰጥ ያደርገዋል።

ዶክተር መላኩ ሥራቸውን የጀመሩት በቃል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየዞሩ በኦጋዴን ባይናቸው ያዩትን ጦርነት ተናገሩ። የሚናገሩት በሕዝቡ ቋንቋ ነበር፤ ይህም እንግሊዝኛ ማወቃቸውን ብቻ አይደለም፤ አድማጩ በየቀኑ የሚቀበለውን መድልዎ አብረው የቀመሱ በመሆናቸው የንግግሩ ለዛና የሕመሙ ስፍራ ጠፍቷቸው አያውቅም ማለታችን ነው። ባለቤታቸው ዶርቲም በዚህ ሥራ አልተለዩዋቸውም።

ሁለተኛው መሣሪያ ጋዜጣ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመሩ። ኢጣልያ ጦርነቱ አልቋል፣ አገሩ ጸጥ ብሏል እያለች ስታስነግር፣ ጋዜጣው አርበኞች ገና በየጫካው እንደሚዋጉ ያስታውቅ ነበር። የአንድ የተወረረ አገር ዋና ጠላት መረሳት ነውና ይህ ታላቅ አገልግሎት ነው።

ሦስተኛውና ለረጅም ዘመን የቈየው ሥራ ማኅበሩ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኒው ዮርክ ተቋቋመ። ዓላማው የተበታተነውን ርዳታ ባንድ ሰብስቦ ለኢትዮጵያ ስደተኞችና ለነጻነቱ ትግል ማዋል፣ በየአገሩ ያለውንም ጥቁር ሕዝብ ማስተባበር ነበር። በልዩ ልዩ ከተሞች ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ በማግሥቱም ዓመት በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን አንድ ቅርንጫፍ ተቋቋመ። ጃማይካ ሰፈር የሚለው ስም ወደ ሻሸመኔ የመጣበት ጎዳና የተጠረገው በዚህ ጊዜ ነው።

የገንዘቡ መጠን ብዙ ነበር ብሎ ማጋነን አይገባም። ጊዜው አሜሪካ በታላቅ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ የነበረችበት ስለ ሆነ፣ ከሐርለም ነዋሪዎች ሥራ ያልነበረው ብዙ ነው። ከዕለት እንጀራው ቀንሶ ሳንቲም ለሚሰጥ ሰው ዶክተር መላኩ ሊሰጡት የሚችሉት አደራን መጠበቅ ብቻ ነበር።

በቤት ያለው ጕድለት

የዶክተር መላኩን ሥራ ስናመሰግን አንድ ከባድ ነገር መዝለል የለብንም። ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ የምታስነግረው ሁሉ ክፉ ዓላማ የነበረው ቢሆንም፣ ሁሉም ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ የባርነትን ንግድ የሚከለክል ሕግ ብታወጣም ልማዱ ፈጥኖ አልጠፋም። በደቡብ በኩል፣ በጋሞ ደጋ ጭምር፣ ገበሬው ላይ የገባር ሥርዓት ተጭኖበት ነበር። በሐርለም የሚኖረው ጥቁር ሰው ኢትዮጵያን የነጻነት ምሳሌ አድርጎ በሚያያት ጊዜ፣ የጋሞ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ የሰው ገባር ነበር።

ይህን ማስታወስ የመልእክተኛውን ክብር አይቀንስም፤ የሥራቸውን ክብደት ግን ያሳያል። ጠላት ከውጭ ሲናገር ጥይቱን የሚያቀብለው በቤት ያለ ጕድለት ነው። ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ መልእክተኛ ቢላክ፣ አገሩ በቤቷ ያላስተካከለችውን ነገር በውጭ አገር በንግግር ሊያስተካክለው አይችልም። የሕዝብ ዲፕሎማሲ ወሰኑም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ዘመን

ሥራው በውስጥም ቀላል አልነበረም። በማኅበሩ ውስጥ የአመራርና የአስተሳሰብ ክርክር ይነሣ ነበር። በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ የኢጣልያን ወረራ በሕግ አወቁላት፤ ይህን ያላወቁ መንግሥታት ጥቂቶች ሆኑ፤ ከጥቂቶቹም አሜሪካና ሜክሲኮ ይገኙባቸዋል። ዶክተር መላኩ በ1931 ዓ.ም. ስለ ጥቁር ሕዝቦች ጉዞና ስለ ኢትዮጵያ መሪነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። የተማሩበትን የሕክምና ሙያ ትተው፣ ጤናቸውንም ሳይቈጥቡ በየመንገዱና በየቤቱ ደጃፍ እየዞሩ ርዳታ መለመናቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ድካም ላይ ሳሉ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዶክተር መላኩ የደከሙለትን ቀን ሳያዩ በአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ቀደሙ።

ዘሩ ግን አልጠፋም። ጆን ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ከባለሙያዎች ጋር ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱን ያጣውም እዚሁ ነው። መምህር ሐንስቤሪ በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአፍሪካ ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ። ፌዴሬሽኑ ከመሥራቹ ሞት በኋላ ቢከፋፈልም አልፈረሰም፤ በእርሱም በኩል የተሰጠው የሻሸመኔ መሬት ከካሪቢያን ደሴቶችና ካሜሪካ ሰዎችን አመጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በታወጀ ጊዜ የሰፋሪዎቹ ይዞታ አብዛኛው ቢወሰድም፣ መንደሩ እስከ ዛሬ አለ።

እርጥብ ሣርና ዲፕሎማሲ

የአርባ ምንጭ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስልህ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር በቡራዩና ባካባቢው በደረሰው ግድያና መፈናቀል ከተጐዱት ወገኖች ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ አባቶች ግን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ወጡ፤ በመንገዱም ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ አልተሻገራቸውም፤ ተመለሰ።

ይህን ያደረገው ሣሩ ነውን? ሣርማ በየሜዳው ሞልቷል። ሣሩን ያከበደው የያዘው እጅ ነው። በዱቡሻ ሸንጎ ሁሉም በተራው ይናገራል፣ ሁሉም ያዳምጣል፤ በዚያ መዋሸት ጎሜ ነው፣ ማለትም መዘዝ የሚያመጣ ነውር ነው። አንድ አባት ለዘመናት በዚያ ሲታይ፣ ሲመዘን፣ ሐዘንና ደስታን አብሮ ሲካፈል ቈይቶ ነው በክፉ ቀን የሚሰማው። የመጀመሪያ ጊዜ ሣር ይዞ የመጣ የማይታወቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንም ባልቆመለት ነበር።

የዶክተር መላኩም ምስጢር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. ሐርለም ሲደርሱ የተደመጡት ያን ቀን ስለ ተናገሩት ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ አብረዋቸው ተምረዋል፣ አብረዋቸው ተንቀዋል፣ ከእነርሱም አግብተዋል። መልእክቱ ከመድረሱ አስቀድሞ መልእክተኛው ደርሶ ነበር።

በእኛም ዘመን የሕዝብ ዲፕሎማሲ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገር ቃል ሆኗል። በአባይ ጉዳይ በ2003 ዓ.ም. የግብፅ የሕዝብ ልዑካን አዲስ አበባ መጥተዋል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ልዑካን ወደ ካይሮ ሄደዋል። እንዲህ ያለው ጉብኝት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጉብኝት ጉብኝት ነው። በክርክር ቀን ብቻ የሚላክ ልዑክ በሠርግም በለቅሶም ታይቶ እንደማያውቅ ጎረቤት መሆኑ አይቀርም።

ዛሬ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ተማሪ፣ ባርባ ምንጭ ዩኒቨርስቲ ከባዕድ አገር እንግዳ ጋር የሚሠራ ወጣት መምህር፣ የዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ጐብኚን የሚቀበል ጀማሪ ሠራተኛ፣ ሁሉም ሳይሾሙ የተሾሙ መልእክተኞች ናቸው። የሚመዘኑትም ስላገራቸው በሚያሰሙት ውዳሴ ሳይሆን በሚጠብቁት አደራና በሚያሳዩት ወንድማማችነት ነው። የገዛ ቤታቸውን ጕድለት አውቀው ለማቃናት ሲደክሙ ከታዩ ደግሞ በውጭ የሚናገሩት ቃል የበለጠ ይታመንላቸዋል።

እንግዲህ ከአርባ ምንጭ ተነሥተህ በሻሸመኔ በኩል ስታልፍ በዚያ መንደር አጠገብ እንቅልፍህን አቋርጥ። እዚያ የምታየው አጥርና በር፣ ሕክምናውን ትቶ በሰው አገር በየደጃፉ ሲዞር ለሞተ አንድ ኢትዮጵያዊ ከተሰጡት ጥቂት መታሰቢያዎች አንዱ ነውና።